ከማጀቴ እስከ ታጁራ፦ የቡድን የልምድ ልውውጥ ጉዞ እንዴት ይሰናዳል?

የልምድ ልውውጥ ጉዞ በየወረዳችን ስሙ ጎድፏል። አበል ይቆረጥለታል፣ ሆቴል ይያዝለታል፣ የቡድን ፎቶ ይነሣል፤ ሲመለሱ «ሰፊ ልምድ ቀስመናል» የምትል አንድ ገጽ ሪፖርት ተጽፋ ፋይል ውስጥ ትቀራለች። እንዲህ ያለውን ጉዞ ለማሰናዳት መመሪያ አያስፈልግም፤ ሁሉም ያውቅበታል። ይህ ጽሑፍ ለሌሎች ነው፤ ከማጀቴ፣ ከካራቆሬ፣ ከአጣዬ ወይም ከሸዋ ሮቢት አሥራ አምስት ያህል ሆነው ተነሥተው፣ ማሾና ሽንኩርታቸው የሚሻገርበትን የባሕር ዳርቻ በዓይናቸው አይተው ሥራቸውን ለማረም ለሚፈልጉ ገበሬዎች፣ የኅብረት ሥራ ማኅበራት፣ የግብርና ባለሙያዎችና ነጋዴዎች። መድረሻው ጅቡቲና ታጁራ ነው።

እነዚህ ከተሞች ባሉበት በይፋት ለሚኖር ሰው የቅርቡ ወደብ ድሮ አሰብ ነበር። ከኮምቦልቻ በባቲና በሚሌ አድርጎ ወደ ቆላው የሚወርደው አስፋልት የአሰብ መንገድ ይባል እንደነበር የቀድሞ ሾፌሮች ያስታውሳሉ። ከግንቦት 1990 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ወዲህ ያ በር ተዘጋ፤ ጭነቱም ፊቱን ወደ ጅቡቲ አዞረ። ዛሬ ከአገሪቱ የገቢና የወጪ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው በዚያ በኩል ያልፋል። ነገሩ አዲስ እንዳይመስላችሁ። የይፋት ሱልጣኔት ሀብት የቆመው ከዘይላ ወደብ ጋር በነበረው የሲራራ ንግድ ላይ ነበር፤ የኖራ መስጊድን ጨምሮ የዚያ ዘመን ከተሞች ፍርስራሽ አሁንም በሸዋ ሮቢት አካባቢ ይታያል። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ በ1841 እ.ኤ.አ.፣ የእንግሊዝ መልእክተኛ ሆኖ ወደ ሸዋ የመጣው ሻምበል ሀሪስም የተነሣው ከታጁራ ነው። በግመል ቅፍለት ከአንድ ወር በላይ ፈጅቶ ይፋት ግርጌ ደረሰ። እናንተን መንገዱ ሰላም ከሆነ ሁለት ቀን ይበቃችኋል።

ጥያቄ ሳትይዙ አትነሡ

ከደብዳቤውም ከበጀቱም በፊት የሚቀድመው ይህ ነው። «ወደቡን ለመጎብኘት» ዓላማ አይባልም። አንድ ምርት ምረጡና ከማሳ እስከ መርከብ ተከተሉት።

ማሾን እንውሰድ። ማሾ በ2006 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ምርት ገበያ ከገባ ወዲህ የይፋት ቆላ ዋና የገንዘብ ሰብል ሆኗል። «ራሳ» በሚል ስም ከመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል የወጣው ዝርያም በየማሳው ይዘራል። ገበሬው ግን ምርቱን የሚያውቀው እስከ ሚዛኑ ድረስ ብቻ ነው። ከሚዛኑ ወዲያ ማሾው ወዴት እንደሚሄድ፣ ማን እንደሚያበጥረው፣ ለምን አንዱ ሌላውን በልጦ እንደሚሸጥ የሚነግረው የለም፤ ቢነግረውም ደላላ ነው፣ እሱንም አያምነው። ስለዚህ የምትይዟቸው ጥያቄዎች እንዲህ ያሉ ይሁኑ፦

ከአንድ ኩንታላችን ስንት ኪሎ አፈር፣ ጠጠርና ስባሪ ይወጣል? የወጣው ሲታሰብ ኪሳራው በማን ላይ ያርፋል? መሬት ላይ በበሬ የተወቃና ሸራ ላይ የተወቃ ማሾ ላኪው ዘንድ ሲደርስ ዋጋው ይለያያል ወይ? ነቀዝ የታየበት ጭነት ምን ይደረጋል? ኮንቴይነሩ ወደብ ላይ በቆመ ቁጥር የሚቆጠረውን ኪራይ የሚከፍለው ማን ነው? ከእኛ ዋጋ ላይስ የሚነሣው እንዴት ነው?

ከሁሉ በላይ ግን ስለ እርጥበት ጠይቁ፤ ምክንያቱም ማንም ገበሬ ያልተነገረው ይህ ነው። ባለ ሃያ ጫማ ኮንቴይነር ከ200 ኩንታል በላይ ጥራጥሬ ይይዛል። ማሾው በደንብ ሳይደርቅ ከተጫነ፣ የቆላው ፀሐይ ቀን የብረቱን ሣጥን ሲያግለው ከፍሬው ውስጥ ያለው ውኃ ተንኖ ይወጣል። ሌሊት ብረቱ ሲቀዘቅዝ ያ ተን ጣሪያው ላይ ጠል ሆኖ ይቋጥርና መልሶ በጆንያዎቹ ላይ ይንጠባጠባል። የላይኛው ረድፍ ጆንያ ሻጋታ ሲያበቅል ገዢው ስለ ላይኛው ረድፍ ብቻ አይከራከርም፤ በጠቅላላው ጭነት ላይ ዋጋ ይቀንሳል። ዝናብ መጣ አልመጣ ብላችሁ ከአውድማ በጥድፊያ ያነሣችሁት ማሾ ውጤቱ የሚታየው እዚያ ነው። ይህን በንግግር ከመስማትና የተከፈተ ኮንቴይነር ውስጥ ቆሞ ከማየት የትኛው እንደሚሻል ግልጽ ነው።

ሽንኩርት ለያዘ ቡድን ጥያቄው ሌላ ነው። ጅቡቲ የእርሻ መሬቷ እዚህ ግባ አይባልም፤ አትክልትና ፍራፍሬዋ በብዛት ከኢትዮጵያ ይገባል። ስለዚህ ሽንኩርት አምራቹ መጠየቅ ያለበት የወደብ ሠራተኛን ሳይሆን ጉሊት ላይ የተቀመጠችውን ቸርቻሪ ነው፦ የትኛውን መጠን ትወጃለሽ? በስንት ቀን ይበሰብስብሻል? ጆንያው ነው የሚያበላሸው ወይስ መንገዱ?

ማን ይሂድ?

አሥራ አምስት ሰው ልክ ነው፤ በአንድ ኮስተር ይሄዳል፣ ዕቃውም ይገባል፣ አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ መነጋገርም ይችላል። ሠላሳ ሰው ይዞ የሄደ ቡድን ቀኑን ሙሉ ሰው ሲቆጥር ይውላል።

ከአሥራ አምስቱ ስምንቱ ገበሬዎች ይሁኑ፤ ከነዚህም አራቱ ሴቶች። ማሾ የሚለቀመውና የሚበጠረው በአብዛኛው በሴቶች እጅ ነው፤ ስለ ጥራት ሊነጋገሩ የሄዱ ወንዶች ብቻ ከሆኑ ንግግሩ ጎዶሎ ነው። የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ሊቀ መንበርና ገንዘብ ያዥ ይጨመሩ። አንድ የልማት ሠራተኛ፣ አንድ ነርስ፣ አንድ ነጋዴ፣ አንድ አስተርጓሚ። አሥራ አምስተኛው የመጋዘን ኃላፊው ነው፤ እሱን ማንም አያስታውሰውም። በየጉዞው የሚቀረው እሱ፣ ከጉዞው የበለጠ የሚጠቀመውም እሱ ነው፤ ጆንያ የት እንደሚደረደር፣ ከግድግዳ ምን ያህል እንደሚርቅ፣ ነቀዝ መቼ እንደሚገባ የሚወስነው ሌላ ሰው አይደለም። ኃላፊዎች መሄድ ካለባቸው ከገበሬዎቹ ኮታ ሳይሆን በራሳቸው በጀት ይሂዱ።

ለአስተርጓሚ አዲስ አበባ ድረስ አትሂዱ። የጅቡቲ መንግሥት የሥራ ቋንቋዎች ፈረንሳይኛና ዓረብኛ ናቸው፤ ሕዝቡ ግን የሚነጋገረው በሶማሊኛና በአፋርኛ ነው። ታጁራ የአፋር ከተማ ናት። በየገበያችን ፍየልና ግመል ይዞ የሚመጣው የአፋር ጎረቤታችን ታጁራ ላይ ያለ አስተርጓሚ ይገበያያል፤ አማርኛውንም ከእናንተ ጋር ሲገበያይ አቀላጥፏል። ከእነሱ መካከል ፊደል የቆጠረ አንድ ወጣት ብትጋብዙ ሁለት ነገር ታተርፋላችሁ፤ አስተርጓሚና ዘመድ። ጅቡቲ ከተማ ውስጥ አማርኛ የሚሰማ ሰው አይጠፋም፤ ለቢሮው ስብሰባ ግን ፈረንሳይኛ የሚችል ሰው በኤምባሲያችን በኩል አስቀድማችሁ አስፈልጉ።

መቼ?

ከግንቦት እስከ መስከረም አትሞክሩት። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፣ በክረምቱ ወራት የሚነፍሰው ኻምሲን የሚሉት አቧራማ ነፋስም የሸዋ ሮቢትን ቆላ የለመደውን ሰው ሳይቀር ያደክማል። ደህናው ወቅት ከኅዳር እስከ የካቲት ነው። ኅዳር ላይ ማሾው ገብቷል፣ ማሽላው ግን ገና ማሳ ላይ ነው፤ ገበሬ ወፍ ለሚበላው ማሽላ ጥሎ አይሄድም፣ መሄድም የለበትም። ስለዚህ ከጥምቀት በኋላ ያለው የጥር ግማሽ ይመረጣል። ረመዳን ግን በየዓመቱ አሥር አሥራ አንድ ቀን ያህል ወደ ኋላ ይመጣል፤ አሁን በየካቲት አካባቢ ስለሚገባ ወደ ጥርም መጠጋቱ አይቀርም። በረመዳን የቢሮ ሰዓት ያጥራል፣ ቀን ምግብ ቤት ይዘጋል፣ አስተናጋጆቻችሁም ይደክማሉ። እንዲያ ከሆነ በገናና በጥምቀት መካከል ያለውን ጊዜ ያዙ። የገና ጾም ስላለቀ ለክርስቲያኑም ይመቻል።

የጅቡቲዎች የሥራ ሳምንት ከእሑድ እስከ ሐሙስ ነው፤ ዓርብና ቅዳሜ ዕረፍት ነው። እኩለ ቀን ላይ ሱቁም ቢሮውም ዘግቶ ሙቀቱ እስኪበርድ ያርፋል፤ ከቀኑ አሥር ሰዓት በፊት ሰው ፍለጋ አትውጡ። ሌላው የሰዓት አቆጣጠር ነው። እነሱ «ስምንት ሰዓት» ሲሉ የእኛ ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው። ቀጠሮ በሁለቱም አቆጣጠር ተጽፎ ለእያንዳንዱ ተጓዥ ይሰጥ፤ የቀን መቁጠሪያውም እንዲሁ። በዚህ ምክንያት የተበላሸ ቀጠሮ ሁለተኛ ዕድል አይገኝለትም።

ወረቀት

ከመነሻው አራት ወር በፊት ጀምሩ። ፓስፖርት የሌለው ገበሬ ብዙ ነው፤ ማመልከቻው በኢንተርኔት ይሞላል፣ አሻራና ፎቶ ለመስጠት ደሴ ያለው የኢሚግሬሽን ቅርንጫፍ ይቀርባችኋል። የልደት ካርድና የታደሰ መታወቂያ ከቀበሌ አስቀድመው ይውጡ። በሁለቱ ላይ ስም በአንድ ፊደል ከተለያየ እዚያው ይታረም፤ ደሴ ላይ የሚያርምላችሁ የለም። ቪዛውን ለየብቻ ከማመልከት ይልቅ የቡድኑን ዝርዝር ከነግብዣ ደብዳቤው ይዛችሁ አዲስ አበባ ያለውን የጅቡቲ ኤምባሲ ጠይቁ።

የግብዣ ደብዳቤ ከየት ይምጣ? ከጅቡቲ ንግድ ምክር ቤት መጠየቅ ይቻላል። የሴቶች ቡድን ከሆነ ደግሞ የጅቡቲ ሴቶች ብሔራዊ ኅብረት አለ። የእናንተ ደብዳቤ ከማኅበሩ ተነሥቶ በወረዳው ኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያ ደብረ ብርሃን በዞኑ በኩል ማኅተም እያረፈበት ይሂድ። ወደቡን ከውስጥ ለማየት ለብቻው የተጻፈ ጥያቄ ያስፈልጋል፤ የሁሉም ሰው ስምና የፓስፖርት ቁጥር ይዞ ሳምንታት ቀድሞ መድረስ አለበት። የኢትዮጵያ ባሕር ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ድርጅት ጅቡቲ ላይ ቅርንጫፍ ስላለው በእሱ በኩል መጠየቅ ያቀላል።

ሁለት ቢጫ ካርድ አለ፤ አታምታቷቸው። አንደኛው የቢጫ ወባ ክትባት ማረጋገጫ ነው፤ ከኢትዮጵያ የሚገባ ሰው ይጠየቀዋል፣ የሚጸናውም ከተከተቡ ከአሥር ቀን በኋላ ስለሆነ ድንበር ሊደርሱ ሲሉ መከተብ ዋጋ የለውም። ሁለተኛው የኮሜሳ ቢጫ ካርድ የሚባለው የመኪና ኢንሹራንስ ነው። ኮስተራችሁ ድንበር የሚሻገር ከሆነ ይህንንና የመሻገሪያ ፈቃዱን ባለመኪናው ይዞ መቅረብ አለበት። ብዙ ባለመኪና «ችግር የለም» ይላችኋል፤ ወረቀቱን ካላያችሁ ቀብድ አትክፈሉ። ፈቃድ ከሌለው እስከ ድንበሩ ሄዳችሁ ወዲያ ማዶ ሌላ መኪና መከራየት ይሻላል።

መንገዱ

ዓርብ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ከማጀቴ ተነሡ። ዋናውን አስፋልት ይዛችሁ በከሚሴ ኮምቦልቻ፣ ከዚያ ባቲ ቁርስ። የጁምዓ ሶላት ሚሌ ላይ ይደርሳል፤ ሾፌሩ ይህን ከወዲሁ ይወቅ። አዳሩ ሎግያ ወይም ሰመራ ነው። ቅዳሜ በዲቾቶ ጋላፊ፣ ከኬላው በኋላ በዮቦኪና በዲኪል አድርጋችሁ ማታ ጅቡቲ ትገባላችሁ። እሑድ ጠዋት ሥራ ይጀመራል ማለት ነው። ከሚሌ በኋላ ሌሊት አትጓዙ፤ መንገዱ የከባድ መኪና ነው።

ስለ ጸጥታ ሳይነሣ አይታለፍም። ከሸዋ ሮቢት እስከ ኮምቦልቻ ያለው መንገድ ባለፉት ዓመታት ተደጋግሞ ተዘግቷል፤ አጣዬ በግጭት ተቃጥላ እንደነበር ሁሉም ያውቃል። በዋዜማው ከጸጥታ ቢሮው ማረጋገጫ አግኙ፣ በዚያ ላይ ግን በዚያው ቀን ከኮምቦልቻ የመጣ ሾፌር ጠይቁ። ሁለቱ ካልተስማሙ የሾፌሩን ስሙ። መንገዱ አጠራጣሪ ከሆነ ጉዞው ይራዘም፤ ወደብ የትም አይሄድም።

አማራጩ በአዲስ አበባ በኩል ባቡር ነው። የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር 750 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ናጋድ ጣቢያ ያደርሳል፣ በደወሌ በኩልም ያሻግራል። ቲኬትና የመነሻ ቀን ቀድሞ መጠየቅ አለበት። ለአረጋውያን ይመቻል፤ ለዚህ ዓላማ ግን መኪናውን እመርጣለሁ፣ ማሾው የሚሄደው በዚያ ነውና ዓይናችሁ እግረ መንገዱን ይማራል።

ገንዘብ

ጅቡቲ ውድ ከተማ ናት፤ በእኛ አገር አበል አስባችሁ ከሄዳችሁ ሁለተኛው ቀን ላይ ትጣላላችሁ። የጅቡቲ ፍራንክ ከዶላር ጋር በቋሚ ዋጋ ታስሮ ለአሥርት ዓመታት ኖሯል፤ አንድ ዶላር ከ177 ፍራንክ ትንሽ ይበልጣል። ይህን ቁጥር ሁሉም ሰው በቃሉ ይያዘው፤ ሆቴል ላይም ጎዳና ዳር ተቀምጠው ምንዛሪ በሚሠሩት ሴቶች ዘንድም ይጠቅማችኋል። ብርና የውጭ ምንዛሪ ይዞ መውጣት የሚፈቀደውን መጠን ከመነሣታችሁ በፊት ከባንካችሁ ጠይቁ፤ ደንቡ ይለዋወጣል። የጋራው ገንዘብ በገንዘብ ያዡ እጅ ይሁን፣ ማታ ማታ ሒሳቡ በቡድኑ ፊት ይነበብ። ለእያንዳንዱ ሰው የኪስ ገንዘብ ለብቻ ይሰጥ። መጠባበቂያ ያልተያዘለት በጀት አትፈርሙ።

ማዕድ

የይፋት ቡድን ክርስቲያንም ሙስሊምም ያለበት ነው። በአገራችን እንደ ልማዱ ሰርግ ላይ ሁለት ዳስ፣ ሁለት ድስት አለ፤ አንዱ የሌላውን እርድ አይበላም። ጅቡቲ ላይ ሥጋው ሁሉ የሙስሊም እርድ ነው። ሳይታሰብበት ከተኬደ ከቡድኑ ግማሹ ሳምንቱን በዳቦና በሻይ ያሳልፋል፤ ይህም ቂም ይሆናል።

መፍትሔው ባሕሩ ውስጥ ነው፤ ዓሣ እርድ የለውም። ጅቡቲ ላይ የየመን ዓሣ የሚሉት አለ። ትልቁን ዓሣ ከጀርባው ሰንጥቀው እንደ መጽሐፍ ይዘረጉታል፣ በርበሬ ይቀቡታል፣ ከዚያ የጋለ የሸክላ ምድጃ ግድግዳ ላይ ለጥፈው ጠርዙ እስኪጠቁር ያበስሉታል። ሰፊ ቂጣ ከሥሩ ተነጥፎ፣ ለሁሉም በአንድ ትሪ ይመጣል። ከአንድ ትሪ አብረው በልተው የማያውቁ ሁለት ጎረቤቶች አብረው ሲበሉ ማየት ከብዙ ስብሰባ ይበልጣል። እንጀራ ለናፈቀው ለሖህ የሚሉት አለ፤ ዓይን ያለው፣ የእኛን የሚመስል፣ አነስ ያለ። ረቡዕና ዓርብ ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር መነሣቱ አይቀርም፤ ካህን ካልያዛችሁ ለእያንዳንዱ ሰው ኅሊና ተዉት፣ አውቶቡስ ውስጥ አይፈታም። ሽሮና በሶ ይዛችሁ ሂዱ።

ጫት ይዛችሁ ድንበር አትሻገሩ፤ የፈቃድ ንግድ ነው። ካቲካላም አይሞከር።

እዚያ ስትደርሱ

እሑድ ጠዋት መጀመሪያ ኤምባሲ፣ ከዚያ አስተናጋጃችሁ ዘንድ። ሰኞ ዶራሌ ወደብ። የተሸፈነ ጫማ ልበሱ፤ በነጠላ ጫማ አያስገቡም። የአሜሪካ፣ የፈረንሳይ፣ የቻይና፣ የጃፓንና የጣሊያን ጦር ሰፈር ያለባት ትንሽ አገር ስለሆነች ስልክ አውጥቶ ማንሣት ጣጣ ያመጣል። ፎቶ የሚነሣው ተፈቅዷል ሲባል ብቻ ነው።

የወደብ ኃላፊዎች ገለጻ ጥሩ ነው፣ ግን ከገለጻ ብዙ አትጠብቁ። የበለጠ የምትማሩት ፒኬ 12 ላይ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ የኢትዮጵያ ከባድ መኪኖች ተደርድረው የሚጠብቁበት ሰፈር ነው። ሾፌሮቹ የእናንተ ልጆች ናቸው፤ የኮምቦልቻ፣ የአዳማ፣ የደሴ። ቡና አፍልታችሁ ቁጭ በሉና ጠይቋቸው፦ የትኛው ጆንያ መንገድ ላይ ይቀደዳል? ሸራ ሳይሸፈን የተጫነ አለ? ስንት ቀን ቆማችኋል? ከአንድ ሾፌር የምትሰሙት በየትኛውም ስላይድ ላይ አይገኝም። ከሰዓት የጭነት አስተላላፊ ቢሮ ገብታችሁ የአንድ የጥራጥሬ ጭነት ወረቀቶችን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንዲያሳዩዋችሁ ጠይቁ፤ የዕፅዋት ጤና ማረጋገጫው፣ የጭስ ማረጋገጫው፣ የሚዛኑ ወረቀት። የልማት ሠራተኛው ማስታወሻ ይያዝ።

ማክሰኞ ወደ ታጁራ። በመርከብ ባሕረ ሰላጤውን መሻገር ይቻላል፣ በየብስ መሄድ ግን ይበልጣል፤ በጉቤትና በአሳል ሐይቅ በኩል ያልፋል። አሳል ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ነው፤ በአፍሪካ ከዚያ የሚያንስ ቦታ የለም። ዳርቻው ጨው ነው፤ የአፋር ቅፍለቶች ወደ ሸዋ ሲያመላልሱት የኖሩት ጨው። እዚያው አጠገብ አርዱኮባ የሚባለው እሳተ ገሞራ በ1978 እ.ኤ.አ. ፈንድቷል። ለአስተናጋጆቻችሁ የማጀቴን ታሪክ የምትነግሩበት ቦታ ይህ ነው፤ በ1953 ዓ.ም. በካራቆሬው የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴ ፈርሳ እንደገና እንደተሠራች። የእነሱን አለት የሚሰነጥቀውና የእኛን ቤት ያፈረሰው ያው አንድ ስምጥ ሸለቆ ነው። ከዚያ በኋላ ወሬው ራሱ ይቀጥላል።

ረቡዕ የባሕል ቀን ይሁን። ጋቢ ለስጦታ አትውሰዱ፤ በዚያ ሙቀት ማን ይለብሰዋል? ነጠላ፣ ማር፣ የተፈለፈለ ቡና፣ በእጅ የተለቀመ ማሾ በትንንሽ ከረጢት። ረከቦት፣ ጀበናና ማንደጃ ይዛችሁ ሂዱ፤ ከሰልና ዕጣን እዚያ አለ። ታጁራ የመስጊድ ከተማ ናትና ከቡድኑ መንዙማ የሚያወጣ ሰው ካለ በዚያ ማታ ዋናው እንግዳ እሱ ነው፤ ከወሎና ከይፋት የተሻለ መንዙማ ከየት ይመጣል? በምላሹ የእነሱን ዘፈንና ጭፈራ እዩ፣ ዓሣ አጥማጆቹ ጋር ጎህ ሲቀድ ውረዱ፣ መረብ ሲጎተት እርዱ። ሴቶቹ ከሴቶች ጋር ለብቻ የሚቀመጡበት ግማሽ ቀን ይኑር፤ ወንዶች ባሉበት የማይነገር ብዙ የገንዘብ ወሬ አለ። ማሾ ወጥ ሠርታችሁ አቅምሱ።

አጎበር አትርሱ። ወባ እዚያም አለ። በከተማ የሚራባው አዲሱ የወባ ትንኝ ዝርያ በአፍሪካ መጀመሪያ የተገኘው ጅቡቲ ላይ ነበር፤ በኋላ ወደ ኢትዮጵያም ገብቷል። ነርሷ ይህን ለቡድኑ ታስረዳ።

ሐሙስ ጎህ ሳይቀድ ከታጁራ ተነሥታችሁ ጋላፊን በጊዜ ተሻገሩ፤ አዳር ሎግያ፣ ዓርብ ቤት።

ከተመለሳችሁ በኋላ

የመመለሻው ሥራ የሚጀምረው ገና በጉዞው ላይ ሳላችሁ ነው፤ በየማታው ግማሽ ሰዓት ተቀምጣችሁ እያንዳንዱ ሰው «ዛሬ ካየሁት ቤቴ ሄጄ የምቀይረው አንድ ነገር» የሚለውን ይናገር፤ አንድ ሰው ይጻፈው። ማንበብ የማይችለውም ይናገር። ይህ ከተደረገ ሪፖርቱ መንገድ ላይ አልቋል ማለት ነው።

ሪፖርቱ ወረዳ ከመግባቱ በፊት በገበያ ቀን በድምፅ ማጉያ ይነበብ፣ ገንዘቡ በምን በምን እንደወጣም ጭምር። ካልሄዱት የሚመጣውን ጥያቄ አትፍሩት። ከዚያ በመጪው ምርት ዘመን አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፤ አሥር ነገር የሚል ዕቅድ አንዱንም አይሠራም። ሸራ ላይ መውቃት ሊሆን ይችላል፣ ነቀዝ የማያስገባ ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት መግዛት ሊሆን ይችላል፣ የመጋዘኑን ወለል በእንጨት ርብራብ ማንሣት ሊሆን ይችላል። የአንዱን ዓመት የማሾ ደረጃ ከሌላው ዓመት ጋር አስተያዩ፤ ጉዞው ዋጋ እንዳወጣ የሚያሳየው ያ ቁጥር ነው።

የመልስ ግብዣውን ደብዳቤ ታጁራ ሳላችሁ ስጡ። ጥቅምት ላይ፣ ማሾ በሚገባበት ሰሞን፣ አምስት ስድስት ሰው ይምጡ፤ ቤታችሁ ይደሩ፣ አውድማ ላይ ይቁሙ።

ለአሥራ አምስት ሰው በጀት ካልተገኘም ጉዞውን አትተዉት። በአምስት ሰው ሂዱ፤ ሁለት ሴት ገበሬዎች፣ አንድ ወንድ፣ አስተርጓሚው። አምስተኛው የመጋዘን ኃላፊው ይሁን።